የውድድር ታሪክ ያላትን አሮጌ ማስል ካር እንዴት እናድሳት? አራት መንገዶች ሲነጻጸሩ

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1965 በቴክሳስ፣ ግሪን ቫሊ በተባለ የውድድር ሜዳ ላይ፣ ኬን ማይልስ የሚነዳት ነጭ የፎርድ ሙስታንግ አንዲት ከፍታ ላይ ስትደርስ አራቱም ጎማዎቿ መሬት ለቀቁ። አንድ ፎቶግራፍ አንሺ ያችን ቅጽበት አስቀራት። ማይልስ የዕለቱን ውድድር አሸነፈ፣ መኪናዋም «በራሪዋ ሙስታንግ» የሚል ስም ወጣላት። ሼልቢ የተባለው ቤት ሙስታንግን ለውድድር አዘጋጅቶ ያወጣት የነበረችው የጂቲ350 የውድድር ናሙና ነበረች፣ የሻንሲ ቁጥሯም 5አር002። ከዚያ በኋላ ተሸጠች፣ ሜክሲኮ ድረስ ሄደች፣ ለዓመታትም ደብዛዋ ጠፍቶ ኖረ። ስትገኝ ብዙ ነገሯ ተለውጦ ነበርና ያደሷት ሰዎች ወደዚያች የፌብሩዋሪ ቀን መልኳ መለሷት። በ2020 በኢንዲያናፖሊስ ጨረታ 3.85 ሚሊዮን ዶላር አወጣች።

ከዚያው ከሼልቢ ቤት የወጣች ሌላ መኪና ደግሞ ፊላደልፊያ ውስጥ በሲሚዮን ሙዚየም ቆማለች። በ1964 የተሠራችው የኮብራ ዴይቶና ኩፔ፣ ሲኤስኤክስ2287 ናት። ከስድስቱ ዴይቶና ኩፔዎች የመጀመሪያዋ ስትሆን በ1965 በቦንቪል የጨው ሜዳ ላይ የፍጥነት ክብረ ወሰኖች አስመዝግባለች። ቀለሟ ተፍቆ አዲስ አልተቀባም፣ ጭረቷም አልተሞላም። በ2014 የአሜሪካ ብሔራዊ የታሪካዊ ተሽከርካሪዎች መዝገብ ሲከፈት የመጀመሪያዋ ተመዝጋቢ የሆነችው ይህችው ያልታደሰች መኪና ናት። በጥብቅ አነጋገር ማስል ካር፣ ማለትም ትልቅ ሞተር የተገጠመላት የአሜሪካ የጎዳና መኪና፣ አይደለችም፤ ለጉዳያችን ግን ከእርሷ የተሻለ ማነጻጸሪያ አላገኘሁም።

አንዷን ሙሉ በሙሉ አደሷት፣ ሌላዋን አልነኳትም፣ ሁለቱም ትክክል ናቸው። የለያያቸው የባለቤቶቹ ምርጫ ወይም የኪሳቸው አቅም ብቻ አልነበረም። ከውድድር ዘመኗ በመኪናዋ አካል ላይ ምን ተረፈ፣ በወረቀትና በፎቶግራፍስ ምን ይረጋገጣል የሚሉት ጥያቄዎች ናቸው መንገዱን የሚወስኑት። የውድድር ታሪክ ያላት ማስል ካር እጁ የገባች ሰው አራት መንገዶች አሉት፤ እንዳለች መጠበቅ፣ በአንድ የውድድር ቀን መልኳ ማደስ፣ ከፋብሪካ እንደወጣች ወደ ጎዳና መኪናነት መመለስ፣ ወይም እንደገና ማወዳደር። የትኛውም መንገድ ቢመረጥ የሚጀመረው ግን ከወረቀቱ ነው።

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ወረቀቱ

ሻጩ «ይህች መኪና በትራንስ አም ተወዳድራለች» ሲል ማስረጃው ምንድን ነው? (ትራንስ አም የጎዳና መኪኖችን መሠረት ባደረጉ መኪኖች የሚካሄድ የአሜሪካ ተከታታይ ውድድር ነው።) የአሜሪካ ስፖርት መኪና ክለብ፣ በምኅጻሩ ኤስሲሲኤ፣ ለተወዳዳሪ መኪኖች መዝገብ ደብተር ይሰጥ ነበር። በደብተሩ ላይ የምርመራው ቀን፣ የሜዳው ስምና የመርማሪው ፊርማ ይሰፍራል። ደብተሩ ከመኪናዋ ጋር ካለ ግማሹ ሥራ ተጠናቀቀ ማለት ነው። ከሌለ የዘመኑ ፎቶግራፎች፣ የቡድኑ ደረሰኞች፣ የውድድር ፕሮግራሞችና ቀድሞ የነበሯት ባለቤቶች ሰንሰለት መሰብሰብ አለባቸው። ሰንሰለቱ መሐል ላይ አንድ ቀለበት ከጎደለው ዋጋዋ በዚያው ልክ ይወርዳል።

የፋብሪካው ማስረጃ እንደ አምራቹ ይለያያል። ፎርድ ዕድለኛ ነው፤ ከ1967 ወዲህ የተሠሩት መኪኖች የምርት መረጃ ተጠብቆ ስለቆየ ማርቲ ሪፖርት የተባለውን ሰነድ አዝዞ ማግኘት ይቻላል። ለፖንቲያክም ተመሳሳይ አገልግሎት አለ። ሼልቢዎችን የባለቤቶቹ ክለብ በየሻንሲ ቁጥራቸው መዝግቧቸዋል። በአሜሪካ የተሸጠ ካማሮ፣ የጄኔራል ሞተርስ ሼቭሮሌት ምርት፣ ላይ ሲደርሱ ግን ችግር አለ፤ ለእያንዳንዱ መኪና የሚጠየቅ ማዕከላዊ መዝገብ የለም። ካናዳ ውስጥ ለተሸጡት ጄኔራል ሞተርስ ሰነድ ይሰጣል፣ ለቀሩት ግን ተስፋው ፋብሪካው ውስጥ ከመኪናዋ ጋር ትጓዝ የነበረችው የመገጣጠሚያ ወረቀት ናት። ወረቀቷ ብዙ ጊዜ የምትገኘው ከነዳጅ ማጠራቀሚያው አናት ላይ፣ በክራይስለር መኪኖች ደግሞ ከመቀመጫው ሞላዎች መካከል ወይም ከምንጣፉ ስር ነው። ለውድድር ሲዘጋጁ ደግሞ መጀመሪያ የሚወልቁት ማጠራቀሚያው፣ መቀመጫውና ምንጣፉ ነበሩ። ከተወዳደሩ መኪኖች ላይ ይህች ወረቀት ብዙ ጊዜ የምትጠፋው ለዚህ ነው፤ አለመገኘቷ ብቻውን የማጭበርበር ምልክት አይደለም።

በበሩ ላይ የተጻፈው የውድድር ቁጥር ማንነትን አያረጋግጥም። በ1968 የሴብሪንግ 12 ሰዓት ውድድር የሮጀር ፔንስኪ ቡድን ሁለት ካማሮዎች በአጠቃላይ ውጤት 3ኛና 4ኛ ወጡ። አንደኛዋ ከተፈቀደው በታች የቀለለች ነበረችና፣ የቡድኑ ሰዎች በኋላ ራሳቸው እንደተናገሩት፣ ሁለቱን መኪኖች ቁጥር እያቀያየሩ ለምርመራና ለማጣሪያ አቀረቧቸው። እንግዲህ «ቁጥር 15 ናት» የሚል ፎቶግራፍ ብቻውን ምን ያህል እንደሚያስኬድ አስቡት።

ፎቶግራፉ የሚያገለግለው በአጉሊ መነጽር ሲታይ ነው። ሾፌሩን ከመገልበጥ አደጋ የሚከላከለው ሮል ኬጅ የሚባለው የብረት ቱቦ ወለሉ ላይ የተበየደበት ቦታ፣ ክሩስኮቱ ላይ ለተጨማሪ ጌጆች የተበሱት ቀዳዳዎች አቀማመጥ፣ የፓራፋንጎው ጠርዝ በእጅ ተቀጥቅጦ የታጠፈበት መስመር፣ እነዚህ እንደ ጣት አሻራ ናቸው። በአንድ ምሽት፣ በአንድ ሰው እጅ፣ ያለ ሥዕል ስለተሠሩ ሁለት መኪኖች ላይ በትክክል አይመሳሰሉም።

ሌላው ማስረጃ ያለው ቀለሙ ውስጥ ነው። አንድ ጥሩ ቀለም ቀቢ በሩ ላይ የሳንቲም ያህል ቦታ መርጦ፣ በጣም ደቃቅ የሆነውን ብርጭቆ ወረቀት ውኃ አርሶ ቀስ እያለ ይሞርደዋል። ቀለሙ በክብ በክብ እየተገለጠ ይመጣል፤ ከላይ የመጨረሻው ባለቤት የቀባው ቀይ፣ ከስሩ ግራጫ መሠረት ቀለም፣ ከዚያ ነጭ፣ ከነጩ ስር ሰማያዊ፣ በሰማያዊው ላይ ደግሞ የአንድ ቁጥር ጠርዝ የሚመስል ቀጥ ያለ ነጭ መስመር። ጠርዙን ተከትሎ መሞረዱ ከቀጠለ ለ50 ዓመት ተቀብሮ የኖረው ቁጥር ይወጣል። መኪናዋን ወደ ጋራዥ ወስዶ ቀለሟን በአሸዋ ግፊት ወይም በኬሚካል በአንድ ቀን ማስላጥ ይህን ሁሉ ያጠፋል። ስለዚህ ማንም ሠራተኛ ቀለሟን ሳይነካ በፊት ይህ ፍተሻ መደረግ አለበት። እኔ ብሆን ያለዚህ ፍተሻ ሥራ ለመጀመር ከሚቸኩል ጋራዥ መኪናዋን በዚያው ቀን አስወጣለሁ።

እንዳለች መጠበቅ

ከውድድር ዘመኗ የተረፈው ቀለም፣ ጽሑፍና የውስጥ ዕቃ ብዙ ከሆነ ጥያቄው እዚህ ላይ ያበቃል፤ አትንኳት። የሲሚዮን ሙዚየም መሥራች ዶክተር ፍሬድ ሲሚዮን፣ በ2022 እስካረፉ ድረስ፣ ሲከራከሩለት የኖሩት ሐሳብ ይህ ነው። የጥንት ብራና ቀለሙ ደበዘዘ ተብሎ ተፍቆ እንደገና አይጻፍበትም፤ የተወዳደረች መኪናም እንዲሁ።

አለመንካት ማለት ግን ትቶ ማቆም ማለት አይደለም። ዝገቱ እንዳይስፋፋ ይታከማል፣ አሮጌው ቤንዚን ይወጣል፣ የፍሬን ዘይት ይቀየራል፣ የደረቁ የጎማ ቱቦዎች ይተካሉ፣ የሚላጠው ቀለም ባለበት እንዲጣበቅ ይደረጋል። የተቀየረው ሁሉ ስም ተጽፎበት በሳጥን ይቀመጣል። ሥራው ከሙሉ እድሳት በእጅጉ ይረክሳል፣ ነገር ግን ትዕግሥት ያለው እጅ ይፈልጋል። ይህን የሚያውቅ ባለሙያ ማግኘት ቀለም የሚረጭ ከማግኘት ይከብዳል።

ጉድለቱ ግልጽ ነው። እንዲህ ያለች መኪና በውድድር ፍጥነት አትነዳም። ሰው ሲያያት «መቼ ነው የምታሠራት?» ማለቱ አይቀርም፣ በተለይ የእኛ ሰው። እኛ ዘንድ መኪናን ማክበር ማለት ማብረቅረቅ ነው። የተላጠ ቀለም ለእንግዳ ማሳየት የሚያሳፍረው ባለቤት ይህን መንገድ ሳይሞክረው ቢቀር ይሻለዋል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተሸንፎ ማስቀባቱ አይቀርምና።

ሌላም ማስጠንቀቂያ አለ። ገበያው ያልታደሱ መኪኖችን መውደድ ከጀመረ ወዲህ እርጅናን በሰው ሠራሽ መንገድ የሚፈጥሩ እጆች በዝተዋል። ቀለሙን ቀብቶ መልሶ የሚፍቅ፣ ዝገት የሚጋብዝ ሁሉ አለ። ከላይ የተናገርነው የድርብርብ ቀለም ፍተሻ እዚህም ያገለግላል፤ የውሸት እርጅና ከስሩ የሚያሳየው ድርብርብ የለውም።

በአንድ የውድድር ቀን መልክ ማደስ

ከውድድሩ ዘመን የተረፈው ጥቂት ሲሆን፣ ማስረጃው ግን ሙሉ ሲሆን፣ ይህ መንገድ ከሁሉ ይሻላል። በራሪዋ ሙስታንግ የሄደችበት ነው። «የውድድር መልኳ» የሚባል አንድ ነገር ግን የለም። የተወዳደረች መኪና በአንድ የውድድር ዓመት ውስጥ ብቻ አራት አምስት ጊዜ መልኳ ይቀየራል፤ የስፖንሰር ጽሑፍ ይጨመራል፣ ኮፈኑ ተጎድቶ በሌላ ይተካል፣ ቸርኬው ይለወጣል። ስለዚህ የሚመረጠው ዓመት ሳይሆን ቀን ነው። ያም ቀን ታሪክ የሚያወራለት ብቻ ሳይሆን ከአራቱም ማዕዘን ፎቶግራፍ የተገኘለት መሆን አለበት። ታላቁ ድል በአንድ ብዥ ባለ ፎቶ ብቻ የሚታይ ከሆነና ሦስተኛ የወጣችበት ውድድር ግን በ20 ጥርት ያሉ ፎቶዎች ካለ፣ እኔ ሦስተኛ የወጣችበትን እመርጣለሁ። አለዚያ የጎደለውን በግምት መሙላት ይመጣል፣ ግምት ደግሞ ዳኞች ፊት ይታወቃል።

ቀኑ ከተመረጠ በኋላም ጠዋት ወይስ ማታ የሚል ጥያቄ አለ። በ1970 በሪቨርሳይድ በተደረገው የትራንስ አም ውድድር ፓርኔሊ ጆንስ በቢጫዋ ቦስ 302 ሙስታንግ ከሜዳው ተገፍትሮ ወጥቶ፣ ወደ ኋላ ቀርቶ፣ በተጎዳ አካል ተመልሶ አሸነፈ። ፎርድ የዚያን ዓመት የአምራቾች ዋንጫ የወሰደው በእርሱና በቡድን ጓደኞቹ፣ በባድ ሙር ቡድን መኪኖች ነው። እንዲህ ያለች መኪና ስትታደስ ጠዋት ለመነሻ እንደተሰለፈች ትሁን ወይስ ማታ ተቧጭራ እንደገባች? አብዛኛው ሰው ጠዋቱን ይመርጣል፣ ስህተትም አይደለም። ያን ጉዳት በባትላሜራ አስመስሎ መሥራት ደግሞ ቲያትር ይሆናል።

በዚህ መንገድ ላይ ትልቁ በሽታ ከመጠን በላይ ማሳመር ነው። የ1960ዎቹ የውድድር ጋራዦች ሌሊት ሌሊት፣ ለቅዳሜ ለመድረስ እየተሯሯጡ ነበር የሚሠሩት። ብየዳቸው ወጣ ገባ ነው፣ ከኮፈኑ ስር ያለው ቀለም ተንጠባጥቧል፣ ቁጥሮቹን በብሩሽ የጻፈው የሰፈሩ ታፔላ ጸሐፊ ነው። ዛሬ ጋራዡ ብየዳውን በሞራጅ አለስልሶ፣ በመስታወት የሚያስንቅ ቀለም ረጭቶ፣ ቁጥሩን በኮምፒውተር በተቆረጠ ስቲከር ሲለጥፍ መኪናዋ ያልነበረችውን ትሆናለች። የዘመኑ ጄኔራል ሞተርስ መኪኖች ላከር በሚባል ቀለም ነበር የሚቀቡት፤ ላከር ጥልቀት ያለው፣ ከዛሬው ቀለም ለስለስ ያለ ድምቀት አለው። ቁጥሩን በእጁ የሚጽፍ ባለሙያ ፈልጉ፤ ዛሬም አሉ። የድሮው ብየዳ ጤነኛ ከሆነ ባለበት ይቅር፣ አስቀያሚነቱም ሰነድ ነው።

ማንም የማይጠረጥረው ነገር ሰነድ ሲሆን ደግሞ እንዲህ ነው። የፔንስኪ ቡድን የካማሮዎቹን አካል ክብደት ለመቀነስ በአሲድ ነክሮ ብረቱን አሳስቶ ነበር። የሳሳው የጣሪያ ብረት ወጣ ገባ ሆኖ ስለሚያሳብቅ የ1969ኙ ካማሮዎች ጣሪያ ቪኒል ለብሶ ቀረበ። የዛሬ አዳሽ «ይህ ቪኒል የሰፈር ጌጥ ነው» ብሎ ቢያነሣው ከመኪናዋ ታሪክ የሚጣፍጠውን አጠፋ ማለት ነው። ከዚህም በላይ በአሲድ የሳሳ አካል ዝገት ለማስለቀቅ ተብሎ ዳግመኛ አሲድ ውስጥ ቢገባ የሚወጣው ወንፊት ነው። የብረቱ ውፍረት በየቦታው በመሣሪያ ሳይለካ ወደ ማንኛውም ገንዳ መግባት የለበትም።

ዋጋው? ከአራቱ መንገዶች እጅግ ውዱ ይህ ነው፣ ጊዜውም ከሁሉ ይረዝማል። የሚበላው ገንዘብ ቀለምና ሞተር ላይ ሳይሆን የዘመኑን ዕቃ ፍለጋ ላይ ነው። የ1968ን የውድድር ካርቡሬተር ከነማኒፎልዱ ትክክለኛ የምርት ቁጥር ያለውን ማግኘት ዓመት ሊፈጅ ይችላል።

ወደ ፋብሪካ መልኳ መመለስ

ስለዚህ መንገድ አልሸሽግም፤ አልወደውም። ሮል ኬጁን ቆርጦ፣ የተበሱትን ቀዳዳዎች በብየዳ ደፍኖ፣ የሰፋውን የጎማ ቤት መልሶ አጥብቦ፣ ምንጣፍና የኋላ መቀመጫ አስገብቶ መኪናዋን ከፋብሪካ እንደወጣች ማድረግ፣ በመጨረሻ የሚሰጠው ከሌሎች በሺህ ከሚቆጠሩ እህቶቿ የማትለይ መኪና ነው። የ1969 ካማሮ ዚ/28 ብቻ ከ20,000 በላይ ተሠርቷል። ከእነዚያ አንዷን የተወዳደረችውን ወስዶ እንደቀሩት ማድረግ ማትረፍ አይደለም። የተቆረጠውን ሮል ኬጅ ደግሞ መልሶ መግጠም አይቻልም፤ ቢገጠምም ማስረጃ መሆኑ ቀርቷል።

አልፎ አልፎ ግን ትክክለኛ መንገድ ይሆናል። የፋብሪካው ብርቅነት ከውድድሩ ታሪክ ሲበልጥ ነው። የ1969 ዜድኤል1 ካማሮን እንውሰድ። ሙሉ በሙሉ ከአልሙኒየም የተሠራ 427 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር የተገጠመላት ስትሆን የተሠሩት 69 ብቻ ናቸው። ከእነዚህ 50ዎቹን ያዘዘው በኢሊኖይ ግዛት ላሃርፕ የነበረው ነጋዴ ፍሬድ ጊብ ነው። ብዙዎቹ በየሰፈሩ የቀጥታ መስመር ውድድር ላይ ውለዋል፣ ሞተራቸው ፈንድቷል፣ ተቀይሯል። ከእነርሱ አንዷ ስሙ በማይታወቅ ሰው እጅ ጥቂት ወራት ተወዳድራ ያለ ውጤትና ያለ ፎቶግራፍ ከቆመች፣ የውድድሩ ወሬ ከ69ኙ አንዷ ከመሆኗ በላይ አይመዝንም። ወደ ፋብሪካ መልኳ ብትመለስ አልከራከርም። የ1967 ዚ/28ም 602 ብቻ ስለተሠራ ተመሳሳይ ክርክር ይነሣበታል፤ ያም ሆኖ ከእነዚያ መካከል በትራንስ አም የተሰለፈችው ከሆነች መልሴ ይቀየራል።

አንድ መለኪያ ልስጥ። የውድድሩ ታሪክ በሽያጭ ጊዜ ከሁለት ገጽ በላይ በማስረጃ የተደገፈ ጽሑፍ የማይወጣው ከሆነ የፋብሪካው መልክ ይታሰብ። ከወጣው አይታሰብ።

እንደገና ማወዳደር

እነዚህ መኪኖች ለዚህ ነው የተሠሩት፣ በድምፃቸው ሳይሰሙ በመብራት ስር ቆመው ማየት ያሳዝናል የሚሉ ሰዎች አሉ። ትክክል ናቸው። በየዓመቱ ነሐሴ አካባቢ በካሊፎርኒያ በላጉና ሴካ በሚካሄደው የሞንቴሬይ የታሪካዊ መኪኖች ውድድር ላይ ከ1966 እስከ 1972 በትራንስ አም የተሰለፉ ትክክለኛ መኪኖች ብቻ የሚሰባሰቡበት ምድብ አለ። 30 የሚሆኑ ባለ 5 ሊትር ሞተሮች በአንድ ላይ ከመነሻው ሲወጡ የሰማ ሰው ሙዚየም አያስደስተውም። የ5 ሊትሩ ገደብ የመጣው ከውድድሩ ደንብ ነው፤ ሼቭሮሌት የ302 ኪዩቢክ ኢንች ሞተሩን ያወጣው የ327ን ሲሊንደር ስፋት ከ283 ክራንክሻፍት ጋር አጣምሮ ከገደቡ ስር ለመግባት ነበር።

ዋጋው ግን ይታወቅ። የዛሬ አዘጋጆች የያኔውን የደኅንነት ዕቃ አይቀበሉም። የመቀመጫ ቀበቶዎች የማብቂያ ቀን አላቸው፤ በአሜሪካው መስፈርት የተሠሩት በሁለት ዓመት፣ በዓለም አቀፉ የሞተር ስፖርት ፌዴሬሽን መስፈርት የተሠሩት በአምስት ዓመት ይጣላሉ። የነዳጅ ማጠራቀሚያው ውስጥ የሚገባው እንዳይቀደድ የተሠራ የጎማ ከረጢትም እንዲሁ አምስት ዓመት ሲሞላው ምርመራ ወይም ቅያሬ ይጠይቃል። እሳት ማጥፊያው ዘመናዊ ይሆናል። ስለዚህ የምትወዳደር መኪና መቼም ሙሉ በሙሉ የ1968 አትሆንም፤ ይህን የማይታገሥ ሰው ወደ ሌላው መንገድ ይሂድ።

ቸርኬዎቹ ለብቻቸው ይነገርላቸው። የዘመኑ የማግኒዥየም ቸርኬዎች ቀላልና ውብ ናቸው፣ ግን ያረጃሉ። ከውስጥ ይበሰብሳሉ፣ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ያበጃሉ፣ በ200 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ ይሰበራሉ። ቀለም የሚያስገባውን የስንጥቅ ምርመራ ያለፉት እንኳ ለሜዳ አይታመኑም። ልማዱ የአልሙኒየም ቅጂ አሠርቶ በእነርሱ መወዳደር፣ የመጀመሪያዎቹን ደግሞ ለትርኢት ማስቀመጥ ነው።

ሞተሩም እንዲሁ። የሻንሲ ቁጥሩ የተቀረጸበት የመጀመሪያው ሞተር ቤት ከፈነዳ አይተካም። ብልህ ባለቤቶች ጠቅልለው መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡታል፣ በሌላ የዘመኑ ሞተር ይወዳደራሉ። ካምቢዮውንና የኋላውን ዲፈረንሻል በተመለከተም እንዲሁ ቢያደርጉ አይጸጸቱም።

ኢንሹራንስ ላይ ብዙ ሰው ይታለላል። ለጥንታዊ መኪኖች የሚሸጠው ዋስትና፣ ዋጋው አስቀድሞ የተስማሙበት ቢሆንም፣ በውድድር ሜዳ ላይ የደረሰን ጉዳት በአብዛኛው አይሸፍንም። ለሜዳው ለብቻው የሚገዛ ዋስትና አለ፣ ውድ ነው። ውሉን አንብቡ፤ «የፍጥነት ውድድር» የሚለው ቃል ከየትኛው አንቀጽ ስር እንደሰፈረ ሳታዩ መኪናዋን ከጋራዥ አታውጡ።

መንገዶቹን ማጣመር ይቻላል?

በከፊል። በውድድር ቀን መልክ የታደሰችን መኪና መልሶ ማወዳደር ይቻላል፣ ብዙዎቹም የሚያደርጉት ነው። እንዳለች የተጠበቀችን መኪና ወደፊት ማደስም ይቻላል። የታደሰችውን ወደ «እንዳለች» መመለስ ግን አይቻልም፤ የፋብሪካ መልክ የለበሰችውንም ወደ ውድድር መልኳ መመለስ የሚቻለው በስም ነው። ስለዚህ የሚያመነታ ሰው ሊመለስበት ከሚችለው መንገድ ይጀምር፤ ለሁለት ዓመት ጠብቋት ያቆይ፣ ወረቀት ይሰብስብ።

ከጋራዡ ጋር የሚደረገው ውል ሦስት ነገር ይያዝ። ከመኪናዋ ላይ የወለቀ ማንኛውም ዕቃ፣ የተቀዳደደ ላስቲክ ቢሆን፣ የባለቤቱ ነው፣ አይጣልም። እያንዳንዱ ደረጃ ከመነካቱ በፊትና በኋላ ፎቶ ይነሣል። በሰዓት የሚከፈል ከሆነ ወሩ ሳያልቅ ሂሳቡ ይቀርባል። የመጨረሻውን የማይቀበል ጋራዥ ካለ ምክንያቱን አልጠይቀውም።

ይህን የሚያነቡ ብዙዎች በዋሽንግተን፣ በዳላስ ወይም በሎስ አንጀለስ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን እንደሚሆኑ እገምታለሁ። መኪናዋን አድሶ ወደ አገር ቤት መላክ ለሚያልም ሰው ዜናው ጥሩ አይደለም፤ ኢትዮጵያ በ2024 በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች። እዚያው አሜሪካ ማቆየቱን አስቡበት።

ማስረጃው ባዶ ሆኖ ከተገኘስ?

ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይህ ነው። ተፈልጎ ተፈልጎ ደብተር የለም፣ ፎቶ የለም፣ ከቀለሙ ስርም የሚወጣ ቁጥር የለም። ያኔ እጅ ላይ ያለችው ጥሩ አሮጌ መኪና እንጂ የታሪክ ባለቤት አይደለችም፣ በዚህም የሚያፍር የለም። የፔንስኪ ቡድን ሾፌር የነበረውን የማርክ ዶነሂውን መኪና የምትመስል ካማሮ ማሠራት ይቻላል፤ ዶነሂው በ1968 ከ13ቱ የትራንስ አም ውድድሮች 10ሩን ያሸነፈበትን ሰማያዊ ቀለም ብዙ ሰው ይወደዋል። ቅጂ መሆኗ ግን ከመጀመሪያው በሽያጭ ውሉም በኢንሹራንሱም ላይ ይጻፍ። ቅጂ መሆኗ የታወቀ መኪና በቅጂ ዋጋ በሰላም ትሸጣለች። በሌላ መኪና ታሪክ የተሸጠች ግን ለዓመታት ፍርድ ቤት ታመላልሳለች፤ በተለይ እውነተኛዋ መኪና በሌላ ግዛት ብቅ ያለች ቀን።

የሻንሲ ቁጥር ሰሌዳውን በተመለከተ አንድ ጥብቅ ነገር አለ። ከአንድ መኪና ላይ ነቅሎ ሌላ ላይ መለጠፍ በአሜሪካ የፌዴራል ወንጀል ነው። ሰሌዳውን የያዙት በፋብሪካው ብቻ ይገጠሙ የነበሩ የአበባ ቅርጽ ያላቸው ምስማሮች ናቸው፤ ተነቅለው በተራ ምስማር ከተተኩ ማንም ገዢ ያየዋል። አዳሹ «ለቀለም እንዲመች ላንሣው» ካለ አትፍቀዱለት። በወረቀት ሸፍኖ ዙሪያውን ይቀባ። ከካማሮዎቹ ብዙዎቹ ላይ ያው ቁጥር በከፊል ተደግሞ ተቀርጾባቸዋል፤ አንደኛው ቦታ ሞተሩን ከተሳፋሪው ክፍል በሚለየው ግድግዳ ላይ፣ ከማሞቂያው ሽፋን በስተጀርባ ነው። መኪና ከመግዛታችሁ በፊት ያን ሽፋን እንዲያነሣላችሁ ሻጩን ጠይቁት።